አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ብዙ የስፓኒሽ ፍቺ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። «ሴቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልግ ጓርዳር፣ አኦራር፣ ሳልባር ተደርድረው አገኛለሁ። የመጀመሪያውን ብወስድ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ፋይል ሲሆን ጓርዳር፣ ገንዘብ ሲሆን አኦራር፣ ሕይወት ሲሆን ሳልባር ነው። ማስቀመጥ፣ መቆጠብ፣ ማዳን ብለን ስለምንለይ ቃሉን አስቀድመህ በአማርኛ ብትፈታው መንገዱ ይከፈትልሃል። ግብ ጠባቂ ኳስ ሲያድን ግን ፓራር ይባላል፤ እዚህ «አዳነ» ብለህ ወደ ሳልባር እንዳትሄድ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሁልጊዜ በአማርኛ በኩል ልለፍ?

መልስ፦ አማርኛው ራሱ የሚለይ ከሆነ ብቻ። «ጠየቀ»ን ተመልከት፤ እንደ እንግሊዝኛው «አስክ» ሁለቱንም ጠቅልሎ ይይዛል። መረጃ ለማግኘት ከሆነ ፕሬጉንታር፣ አንድ ነገር እንዲሰጥህ ወይም እንዲደረግልህ ከሆነ ፔዲር ነው። «ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኩት» ሌ ፕሬጉንቴ ሲ ቤኒያ ሲሆን፣ «እንዲመጣ ጠየቅኩት» ሌ ፔዲ ኬ ቢኒዬራ ነው። ከፔዲር ኬ በኋላ ግሱ ሱብኹንቲቮ (ከምኞትና ከልመና በኋላ የሚመጣ የግስ ቅርጽ) መሆኑን ልብ በል፤ ብዙ ተማሪ ቃሉን በትክክል መርጦ እዚህ ላይ ይወድቃል። «ጥያቄ መጠየቅ» ደግሞ ከሁለቱም ይወጣል፦ አሴር ኡና ፕሬጉንታ፣ ቃል በቃል «ጥያቄ ማድረግ»።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያስቸግረኝ «ታይም» ነው። ቲየምፖ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። የሚያልፈው ጊዜ ቲየምፖ ነው፦ ኖ ቴንጎ ቲየምፖ፣ ጊዜ የለኝም። ሰዓት ስትጠይቂ ኬ ኦራ ኤስ ትያለሽ። ድግግሞሽ ስትቆጥሪ ቤስ፣ ሲበዛ ቤሴስ፦ ትሬስ ቤሴስ፣ ሦስት ጊዜ። እኛ «ጊዜ»ን ለመቁጠርም ስለምንጠቀምበት «ትሬስ ቲየምፖስ» ማለት ይቀናናል፤ ስፔናዊ ግን እንዲህ አይቆጥርም። ቲየምፖ የአየር ጠባይም መሆኑን ጨምሪበት፦ አሴ ብዌን ቲየምፖ፣ አየሩ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሳቤር እና ኮኖሴርስ? ሁለቱም «ማወቅ» ናቸው።

መልስ፦ መረጃና ችሎታ ሲሆን ሳቤር፤ ሰውን፣ ቦታን፣ ሥራን በመተዋወቅ ማወቅ ሲሆን ኮኖሴር። መዋኘት ማወቅ ሳቤር ናዳር ነው፤ በመካከሉ ምንም አይገባም። ማሪያን ማወቅ ግን ኮኖሴር አ ማሪያ፤ ሰው ስለሆነች «አ» የግድ ናት። እኔ በጣም የምወደው ልዩነት በኃላፊ ጊዜ ይታያል፦ ሳቢያ «አውቅ ነበር»፣ ሱፔ «ያን ጊዜ ሰማሁ፣ ደረስኩበት»፤ ኮኖሲያ «ከዚያ በፊት አውቀው ነበር»፣ ኮኖሲ «ያን ቀን ተዋወቅሁት»። ግሱ አንድ ሆኖ ጊዜው ሲለወጥ ፍቺው ይለወጣል።

ጥያቄ፦ መንገድ ስጠይቅ «ራይት» የሚለው ቃል አሳስቶኛል።

መልስ፦ ዴሬቻ ቀኝ ናት፤ ዴሬቾ ቀጥታ ነው። አ ላ ዴሬቻ ካሉህ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ቶዶ ዴሬቾ ካሉህ ሳትታጠፍ ሂድ (ስፔን ውስጥ ቶዶ ሬክቶ ይበዛል)። ዴሬቾ «መብት»ም ነው። «ትክክል ነኝ» ለማለት ኤስቶይ ኮሬክቶ አትበል፤ ቴንጎ ራሶን ነው። ኮሬክቶ ለመልስ፣ ለቁጥር፣ ለአጻጻፍ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ኮኸር «መያዝ፣ መውሰድ» ነው ተብዬ ነበር። የትም ልጠቀምበት?

መልስ፦ ስፔን ውስጥ ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት፤ አውቶቡስም ይያዝበታል። ሜክሲኮና አርጀንቲና ግን ነውር ቃል ነው። ቶማር በሁሉም ቦታ ያስኬድዎታል።

ጥያቄ፦ እዚህ ያልተነሣ ቃል ሲገጥመኝ በምን ቅደም ተከተል ልፈልግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ያዘው፤ ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው? «ላይት» ስም ሲሆን ሉስ፣ ክብደት ሲገልጽ ሊኼሮ፣ ቀለም ሲገልጽ ክላሮ ነው። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ፍቺ ጎን በቅንፍ ያለችውን ማብራሪያ አንብብ፤ ብዙ ሰው የሚዘላት እሷን ነው። ከዚያ የመረጥከውን የስፓኒሽ ቃል ገልብጠህ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ፈልገው። ያሰብከው ፍቺ ተመልሶ ካልመጣ ሌላውን ሞክር። በመጨረሻ የሪያል አካዴሚያ ኤስፓኞላን (የስፔን የቋንቋ አካዳሚ) መዝገበ ቃላት ክፈት፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ በየትኞቹ አገሮች እንደሚነገርም ያመለክታል።

ጥያቄ፦ አንድ አጭር፦ ዓሣ ፔስ ነው ፔስካዶ?

መልስ፦ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ፔስ፣ ተጠምዶ ለምግብ ሲቀርብ ፔስካዶ።