ጠዋት ቲክ ቲክ ለምትለው መኪናህ

ወንድሜ፣ ያገለገለች ራቭ ፎር ገዝቼ ጠዋት ስትነሳ ቲክ ቲክ ትላለች ብለሃል። ሞተር ለማስፈታት አትቸኩል! መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ አቁመህ ሳትነሳ ዘይቷን ለካ፤ ከጎደለ ሙላ። የቆየ ከሆነ ከነፊልትሮው ቀይረው።

እኔም ለገጣፎ ስኖር ይኸው ድምፅ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሞተሩን አስነስተህ፣ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ አዳምጥ፤ ከቺንጊያውና ከቬንትሌተሩ ግን ራቅ በል። ድምፁ ከላይ፣ ከክዳኑ ሥር ከጎላ ቫልቭ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር) ማስተካከል ሊፈልግ ይችላል። የእኔ ግን ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነበር፤ በክፍተት ጭስ እያፈተለከ ጥቁር ጥላሸት ይዟል፣ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይዘጋና ድምፁ ይጠፋል። መሃል ያለው ማሸጊያ (ጋስኬት) ተቀይሮ አለቀ።

የዘይት መብራት ከበራ ወይም ድምፁ ወፍሮ ኳ ኳ ካለ ግን ወዲያው አጥፋት፤ ወደ ጋራዥ አስጎትታት እንጂ እንዳትነዳት።