መልስ፦ የሰፈር ኮብልስቶን ለዊልቸር እንዲመች

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ላይ ሰፈራችን አዋጥቶ 5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ሊያስነጥፍ ነው፤ በዊልቸር የሚሄዱ ጎረቤቶቻችን እንዳይቸገሩ ምን እናድርግ?» ላልከው፦

ከድንጋዩ በፊት ውሃውን አስቡበት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቦይ ካጣ ከሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል፤ ንጣፉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ከአሸዋው ሥር የሚደለደለው ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ውሃ እየጠጣ በሮለር ይጠቅጠቅ፣ አሸዋው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ መንገዱም ወደ ቦዩ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል። የዳር ድንጋዩ በሲሚንቶ ካልታሰረ ንጣፉ በጎን ይከፈታል።

ለዊልቸር ግን ኮብልስቶን ብቻውን አይበቃም። በየስንጥቁ የፊት ጎማው ይያዛል፣ የተቀመጠውንም ሰው ወገቡን ያናውጠዋል። ስለዚህ በአንዱ ወገን 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው የኮንክሪት መሄጃ አስገንቡ። ሳይደርቅ ፊቱን በመጥረጊያ አስቧጭሩት እንጂ እንደ ቤት ወለል አታስልሱት፤ ኅዳር ጠዋት ውርጭ ሲጥልበት ያንሸራትታል፣ ለአዛውንቶችም አደጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መወጣጫው ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል። ግንበኛው ቦታ ልቆጥብ ብሎ 60 ሴንቲ ሜትር ካደረገው ለዊልቸር ያው ግድግዳ ነው፤ እሺ አትበሉት! የቦይ ክዳኑ ቀዳዳም ከ1.3 ሴንቲ ሜትር አይስፋ፣ ለመሄጃው አግድም ይሁን። በቁመቱ ከተቀመጠ ጎማው ሰተት ብሎ ይገባል፣ የዓይነ ስውር በትርም ይቀረቀርበታል።

የመጀመሪያው 5 ሜትር እንዳለቀ እነዚያኑ ጎረቤቶቻችሁን ጠርታችሁ አስሞክሯቸው፤ ቀሪውን እነሱ ባሉት አስተካክሉ።