ለቅሶ ደራሽ የሌለበት ግንብ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው። ታላቅ እህቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗታል። በቅርቡ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ የሚከታተለውን «ዶክተር ሁ» የተባለ የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ አብሬው ተቀምጬ አየሁ። ያየነው ክፍል «ሄቨን ሴንት» ይባላል፤ ወዳጁ የሞተችበት ሰው በአንድ ትልቅ ግንብ ውስጥ ብቻውን ታስሮ ሲንከራተት ያሳያል። ልጄ የጊዜውን መደጋገም ምሥጢር ሊያስረዳኝ ሲሞክር እኔ እንባዬን መግታት አቃተኝ። ሰውዬው የተጠየቀውን ተናግሮ መውጣት ሲችል ስለ ምን ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ይደበድባል? ሁለተኛው ጥያቄ የራሴ ነው። ተዝካሯ ከወጣ ወዲህ ዘመዶቼ «አሁንስ ይብቃሽ፣ ነጠላሽንም አስተካክለሽ ልበሺ» ይሉኛል። እኔ ግን ጧት ቡና ሳቀርብ ለእናቴና ለራሴ ካስቀመጥሁ በኋላ ሦስተኛውን ሲኒ ለእርሷ አስቀምጣለሁ፤ መሞቷ ትዝ የሚለኝ ሲኒውን ካስቀመጥሁ በኋላ ነው። እኔም እንደዚያ ሰው ታስሬ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ የእህትዎንም ነፍስ ይማር እላለሁ። ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ ክፍሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ተመለከትሁት፤ ያስለቀሰዎት ነገር የቱ እንደሆነም የገባኝ ይመስለኛል።

ክፍሉ መጀመሪያ በቢቢሲ የታየው ኅዳር 18 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ድርሰቱ የስቲቨን ሞፋት፣ አዘጋጇ ሬቸል ታላላይ ስትሆን፣ ፒተር ካፓልዲ ዋናውን ሰው ዶክተሩን ሆኖ ከሞላ ጎደል ብቻውን ይጫወትበታል። ዶክተሩ ወዳጁን ክላራን በሞት ባጣ ማግሥት ባሕር በከበበው ግንብ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ፊቷን በመጋረጃ የተሸፈነች፣ ዝንብ የከበባት ፍጡር በዝግታ ትከተለዋለች፤ የምትቆመውም ለማንም ያልነገረውን እውነት ሲናዘዝላት ብቻ ነው። ከግንቡ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሮጦ ቢያመልጣት የሚያተርፈው ቢበዛ 82 ደቂቃ ነው። የሚበላውም፣ የሚተኛውም፣ የሚያዝነውም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ስለ ምን አልተናገረም ላሉት መልሱ የሚገኘው በሚቀጥለው ክፍል ነው። ያሳሰሩት የገዛ ወገኖቹ ናቸው፤ የሚፈልጉትም እርሱ ያውቀዋል ብለው የሚፈሩትን አንድ ምሥጢር ነው። እርሱ ግን ያን ምሥጢር የያዘው ክላራን ለማስመለስ መደራደሪያ ይሆነኛል ብሎ ነበር። ስለዚህ ጽናቱን ጀግንነት ብቻ አድርጌ ለማየት ይከብደኛል፤ ሞትን «አልቀበልም» ማለትም አለበት። ድርሰቱም ይህን ሳይሸሽግ በኋላ መንገዱን እንደሳተ ያሳየናል። ክላራ በዶክተሩ ሐሳብ ውስጥ «ተነሥተህ አሸንፍ» ስትለው ሰምተው፣ ኀዘንን እንደ ግድግዳ ደብድበው ማፍረስ ያለብዎ መስሎዎት ከሆነ፣ እባክዎ ያን ሸክም ያውርዱት።

መውጫውን የዘጋው ግድግዳ ከአልማዝ 400 እጥፍ የጠነከረ ነው፤ ውፍረቱም 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል ነው። ዶክተሩ ጥቂት ጊዜ በጡጫ ከመታው በኋላ ፍጡሯ ትደርስበትና ለሞት ታቆስለዋለች፤ ከዚያ እየዳኸ ወደ ማማው ይመለሳል፣ የገዛ አካሉን አቃጥሎ በኃይሉ ወደ ግንቡ ያመጣውን መሣሪያ ሲያስነሣ፣ ገና እንደ ደረሰ ሰው ሆኖ ዳግም ይፈጠራል። ይህ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይደጋገማል። ግድግዳውን እየመታ የሚናገረውም ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም የሰበሰቡትን ተረት ነው፦ ንጉሥ አንድን እረኛ «ዘላለም ስንት ሰከንድ አለው?» ሲለው፣ ልጁ «የአልማዝ ተራራ አለ፤ በየመቶ ዓመቱ አንዲት ወፍ መጥታ መንቁሯን ትስልበታለች፤ ተራራው ተፍቆ ሲያልቅ ከዘላለም አንዲቱ ሰከንድ አለፈች» ብሎ ይመልስለታል።

ብዙ ተመልካች የሚደነቀው በዘመኑ ብዛት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ዶክተሩ ሁልጊዜ የሚነሣው ያለፈውን ዙር ሳያስታውስ ስለሆነ፣ ለእርሱ ክላራ የሞተችው ሁልጊዜ ዛሬ ነው፤ ያለፈው ሁሉ ትዝ የሚለው ከግድግዳው ፊት ሲደርስ ብቻ ነው። የእርስዎ ሦስተኛ ሲኒ ይኸው ነው፣ እህቴ። እጅ የለመደውን ያደርጋል፣ ልብ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ በደረሰ ጊዜም መርዶው እንደ አዲስ ይነገራል። ለብዙ ዓመታት አብሮት የኖረውን ሰው በስምንት ወር ያልረሳ እጅ ታሟል አይባልም።

በልጅዎ ዓይን ምናልባት ሳይስተዋል ያለፈ አንድ ትዕይንት ላስታውስዎ። ዶክተሩ ከባሕር ወጥቶ በውኃ ርሶ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ፣ እሳት ዳር የራሱን የሚመስል ደረቅ ልብስ ተሰቅሎ ያገኛል፤ እርሱን ለብሶ ርጥቡን በቦታው ይሰቅላል። ያን ልብስ የተወለት ከእርሱ በፊት በዚያው መንገድ ያለፈው ራሱ ነው። በዚያ ግንብ ውስጥ የሚረዳው ሌላ ሰው የለምና ለራሱ ለቅሶ የሚደርሰው እርሱ ራሱ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር የእኛ ድንኳን ይታየኛል፤ የእድሩ ወንበር፣ ጎረቤት የምትቀቅለው ንፍሮ፣ ምንም ሳይናገር ተቀምጦ የሚያመሽ ሽማግሌ። ዘመዶችዎ «ይብቃሽ» ማለታቸው ፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ነጠላን አስተካክሎ መልበስ የሚገባው ራስዎ በቃኝ ባሉ ቀን ነው።

ሰውን ለይቶ ማሰር ምን እንደሚያደርግ ዓለምም ያውቃል። ክፍሉ በታየ በ19ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየሙትን የእስረኞች አያያዝ ደንቦች አጸደቀ። በእነዚህ ደንቦች መሠረት አንድን እስረኛ በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት እንዳያገኝ አድርጎ መያዝ የብቻ እስራት ነው፤ ከ15 ተከታታይ ቀናት ካለፈ ደግሞ ክልክል ነው። የእኛ የጎንደር ሰው ወህኒ የሚለውን ቃል ሲሰማ ወህኒ አምባ ትዝ ይለዋል። የጎንደር ነገሥታት ዙፋናቸውን እንዳይቀናቀኗቸው የፈሯቸውን መሳፍንት በዚያ ገደላማ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በኋላ የነገሠው አፄ በካፋም ከዚያ አምባ ያመለጠ እስረኛ ነበር። ከባድ ግፍ ነው። ሆኖም መሳፍንቱ ከወገኖቻቸው ጋር አብረው ነበሩና፣ አንዱ ሲሞት የሚያለቅስለት ሌላ እስረኛ አላጣም። ለዶክተሩ የተፈጠረው ግንብ ይህንንም ነፍጎታል፤ ከአሳሪዎቹ ጭካኔ ሁሉ የሚከፋውም ለእኔ ይህ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ማለፍ አይገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መዘርዝር የተራዘመ ኀዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ከ6 ወር በላይ ሲቆይ፣ ከአገሩ ባህልና ሃይማኖት ልማድም እጅግ ሲያልፍና የዕለት ኑሮን ሲያውክ ነው፤ ወሩ ስላለፈ ብቻ አይደለም። እርስዎ ቡና ያፈላሉ፣ ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ድራማ ያያሉ፣ ደብዳቤም ይጽፋሉ። ይህ እያቃተዎት ከሄደ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቁዎት፣ ወይም የመኖር ፍላጎትዎ ከጠፋ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በከተማችን ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።

ሲኒውን በተመለከተ አንድ ያልጻፉልኝ ነገር አለ፤ እናትዎ ሦስተኛውን ሲኒ ሲያዩ ምን ይላሉ? ዝም ብለው እንደሚያልፉት እገምታለሁ፤ እርስዎም ቶሎ አንሥተው ወደ ጓዳ ይመልሱት ይሆናል። እርሳቸውም ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። ነገ ጧት እጅዎ እንደ ልማዱ ሲኒውን ካስቀመጠው፣ አያንሡት። ቡናውን ይቅዱበትና እናትዎን ስለ እህትዎ ልጅነት ይጠይቋቸው፤ ልጅዎም ካልተኛ ይጥሩትና አብሮ ይስማ።