የሳንባ ካንሰር ይተላለፋል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ከልደታ፦ ዶክተር፣ አባባ የሳንባ ካንሰር አለባቸው ተባልን። እህቴ ኩባያቸውን ለየች፣ ልጆቹንም አታስጠጋም። ልክ ናት?

መልስ፦ ኩባያውን መልሱት። በሳል፣ በምራቅ፣ አብሮ በመብላትም ሆነ በመተኛት አይተላለፍም። ካንሰሩ የራሳቸው የሳንባ ሴል ነው፤ መባዛቱን የሚገታው መቆጣጠሪያ ጠፍቶበት ነው እንጂ ከውጭ የገባ ተህዋስ አይደለም። ይልቅ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከጀመሩ ነጭ የደም ሴላቸው ስለሚቀንስ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ ነው ለእሳቸው የሚያሰጋው። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው። ኬሞ በወሰዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ሽንትና ትውከታቸውን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ይህ ከመድኃኒቱ ለመጠበቅ ነው።

ከአራት ኪሎ፦ ካልተላለፈ ባልና ሚስት እንዴት ሁለቱም ይታመማሉ?

መልስ፦ ጭሱን ይጋራሉ። ከአጫሽ ጋር መኖር ለማያጨሰው ሰው አደጋውን ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። መስኮት መክፈት አይበቃም፤ ውጭ ወጥተው ያጭሱ።

ከሰንጋ ተራ፦ ሦስት ሳምንት አሳለኝ። ቲቢ ይሁን ካንሰር በምን ልለይ?

መልስ፦ በራስዎ አይለዩትም፤ በራጅ ብቻም ብዙ ጊዜ አይለይም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄደው ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን የአክታ ምርመራ ይጠይቁ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምናው በነፃ ነው። ከጥልቀት የወጣ አክታ ይስጡ፣ ምራቅ ከሰጡ ውጤቱ ያሳስታል። እስኪታወቅ ድረስ አፍዎን ሸፍነው ያስሉ፣ ምክንያቱም ቲቢ በእርግጥ ይተላለፋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀጥሎ ነው። አክታው ቲቢ ሳያሳይ ራጁ ላይ ጥላ ስላለ ብቻ የቲቢ መድኃኒት ይጀመራል፣ ሳሉ አይሻልም፣ ሰውየው ግን ስድስት ወሩን ይጨርሳል። ካንሰር ከሆነ ያ ስድስት ወር ውድ ነው። በሁለት ወር ለውጥ ከሌለ ሲቲ ስካንና ከሳንባ ላይ ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ የሚያገኙበት ሪፈር ይጠይቁ። አጫሽ ከነበሩ፣ አክታዎ ደም ከቀላቀለ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም ያለምክንያት ከከሱ ሁለት ወሩንም አይጠብቁ። ድሮ ቲቢ ታሞ መዳንም ራሱ ለካንሰር አጋላጭ ነው።

ከመርካቶ፦ ሺሻን ውሃው አያጣራውም?

መልስ፦ ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም፤ እንዲያውም ስለሚለሰልስ ጠልቆ ይሳባል። ከሰሉ ደግሞ የራሱን መርዝ ይጨምራል። ሺሻ በአዋጅ 1112/2011 የተከለከለ መሆኑንም እዚህ ላይ ማንሳት አይከፋም።

ከመርካቶ፦ እኔ አላጨስም፣ ግን ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጭስ ውስጥ ነኝ።

መልስ፦ የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ሲጫን ሲራገፍ ሞተሩ ይጥፋ። የጨርቅ ማስክ ደቃቁን ጭስ አይይዝም። የአስቤስቶስ ቆርቆሮ የምትቆርጡ ካላችሁ በደረቁ አትቁረጡ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ከለገሃር፦ 25 ዓመት አጨስኩ። አሁን ባቆም ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ በአሥር ዓመት ውስጥ አደጋው ማጨስ ከሚቀጥሉት ሰዎች ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቀን ስንት ፓኮ እንደሚያጨሱ በዓመታቱ ያባዙ። ውጤቱ 20 ከሞላና ዕድሜዎ ከ50 ካለፈ፣ ሳል ባይኖርዎትም በዝቅተኛ ጨረር የሚነሳ ሲቲ ስካን ስለማድረግ ሐኪም ያማክሩ። ተራ ራጅ ትንንሹን ዕጢ ስለሚስት «ራጄ ንጹህ ነው» ብለው አይዘናጉ።