«ሞቀ» ሌላ፣ «ሞቀኝ» ሌላ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ንቃተ ኅሊና በሳይንስ ይበየናል ወይ?» ይሉኛል። እኔን ገና ቃሉ ራሱ አስቸገረኝ፤ «ኅሊና ቢስ» የምንለው ራሱን የሳተ ሰው አይደለምና። የቱን ቃል ልያዝ?

መልስ፦ ቢቸገሩ አይፈረድብዎትም። ኅሊና «አሰበ» ከሚለው ከግእዙ ኀለየ የወጣ ነው። በአማርኛ ግን ክፉና ደጉን ወደሚለየው ዳኛ አጋድሏል፤ «ኅሊናዬ አልፈቀደም» እንዲሉ። በ1966ቱ አብዮት ማግስት ደግሞ «የሰፊው ሕዝብ ንቃተ ኅሊና» ሲባል ቃሉ የፖለቲካ ሆነ። ተማሪ ይህን ሁሉ ይዞ ነው ክፍል የሚገባው።

ሐኪም የሚለካውን «የንቃት ደረጃ» ይበሉት። ይህ በሚገባ ይበየናል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላስጎው መለኪያ ዐይን ለመግለጥ እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ሙሉው 15፣ ዝቅተኛው 3 ነው፤ ከ8 ያላለፈ ኮማ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። «ራሱን ሳተ»ን ለተኛ ሰው እንዳያውሉት፤ የተኛ ሲቀሰቅሱት ይነቃል።

የሚከብደው ሌላው፣ ለሰውየው ከውስጥ የሚሰማው ነው፤ ሰዋስዋችን ግን አስቀድሞ ለይቶታል። «ድሬ ዛሬ ሞቀ» ቢሉ ቴርሞሜትር ይመሰክራል። «ሞቀኝ» ቢሉ ከእርስዎ በቀር ምስክር የለም። ራበኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝም እንዲሁ ናቸው፦ የሚሰማው ሰው የግሱ ባለቤት ሳይሆን በ«ኝ» የተመለከተ ተሳቢ ነው። በርጫ ላይ የመረቀነውና ያልቃመው ጓደኛው በግላስጎው መለኪያ ሁለቱም 15 ያገኛሉ፤ የሚሰማቸው ግን ለየቅል ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ «ከባዱ ችግር» ያለው ይህችኑ «ኝ» ነው፦ የነርቭ ሴሎች ሥራ ስለምን ለአንድ ሰው የሚሰማ ነገር ይሆናል? የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1998 «በ25 ዓመት ውስጥ የዚህ መሰማት አሻራ በአንጎል ውስጥ ተለይቶ ይታወቃል» ብሎ ከቻልመርስ ጋር ተወራረደ፤ በ2023 መረታቱን አምኖ የወይን ጠጁን ከፈለ። አሻራው ቢገኝ እንኳ «ስለምን?» የሚለው ገና ይቀራል።

እንግዲህ «ኅሊና»ን ብቻውን ለግብረ ገብ ይተዉት። «ንቃተ ኅሊና»ን «ለባለቤቱ የሚሰማ ነገር መኖር» ብለው ይበይኑት። ለተማሪዎቹም የንቃት ደረጃ ይለካል፣ የአንጎል ግንድ ሲጎዳ ለምን እንደሚወርድም ይታወቃል፤ ንቃተ ኅሊና ግን በቃል ይበየናል እንጂ ምክንያቱ ገና አልተገለጸም ይበሏቸው።