በገና ዋዜማ ያልመለስሁት ጥያቄ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከእናንተ አንዱ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው፣ ጠጋ ብሎ፦ «እትዬ፣ በገና ሰሞን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጌታ ልነግራት እፈልጋለሁ፤ ድፍረት ስጠኝ እያልሁ ከኅዳር ጀምሮ እጸልያለሁ፤ ድፍረቱ ግን አልመጣም። ጸሎቴ ምን ጎደለው?» ሲል ጠየቀኝ። በቆምሁበት አንድ ነገር መለስሁለት፤ የሚረባ መልስ ግን አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ቡና ቀድቼ ስቀመጥ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝና ቡናው ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ለሁላችሁም የምጽፈው ከዚያ ሌሊት የተነሣ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በ1977 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተመድቤ እሠራ ነበር። ያደግሁባት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር በደርግ ተዘግታ ነበር፤ መሪዎቿም ታስረዋል። በተመደብሁበት አገር ደግሞ ምእመናኑ፣ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተወሰዱትን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ፣ የቄስ ጉዲና ቱምሳን ስም የሚያነሡት በር ዘግተው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ነበር። እኛ ስድስት ሆነን ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአንዲት መምህርት ቤት እንሰበሰብ ነበር። መጋረጃው ይጋረዳል፣ ሬዲዮኑ ከፍ ይደረጋል፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ይዘመራል። ዛሬ እናንተ በድምፅ ማጉያ ስትዘምሩ እኔ ከንፈሬን ብቻ ሳንቀሳቅስ እያያችሁ ትሥቁብኛላችሁ፤ ጉሮሮዬ የለመደው ያንን ነው። በዚያ ቤት ስንጸልይ «ከካድሬዎች ዐይን ሰውረን» እንልና ትንፋሽ ሳንወስድ «የወንጌልንም በር ክፈትልን» እንል ነበር። ሁለቱ ልመናዎች ሊጋጩ እንደሚችሉ ከስድስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

የሆስፒታሉን የውይይት ክበብ የሚመራ አንድ ወጣት ካድሬ ነበረ። ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ መሆኑን ሲያስረዳ ዐይኑን እኔ ላይ የሚተክል ይመስለኝ ነበር። በኅዳር ወር ከወሎ ከመጡ ሠፋሪዎች ጋር ወደ ቆላው የሠፈራ ጣቢያ ሲላክ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

ታኅሣሥ 28 ማታ፣ የገና ዋዜማ፣ ተረኛ ነበርሁ። ጀነሬተሩ ጠፍቶ በፋኖስ እሠራለሁ። በሩ ተንኳኩቶ ብከፍት ያው ሰው ነው፤ በካኪ ልብሱ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ብለድ ፊልም፣ የወባ የደም ምርመራ፣ ታዞለታል። የቀለበት ጣቱን ወጋሁ፤ እጁ እሳት ነበር። ደሙን ስላይድ ላይ ቀባሁ፤ ሲደርቅ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ አፈሰስሁበት። ከዚያ በኋላ ቀለሙ እስኪይዝ አሥር ደቂቃ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከኮረብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማል።

«ይሰማሻል?» አለኝ። «እናቴም ይኼኔ ቤተ ክርስቲያን ናት። ልጅ ሆኜ እግሯ ሥር ነጠላዋን ለብሼ እተኛ ነበር።» ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፦ «እህቴ፣» አለኝ፤ በስብሰባ የሚጠራኝ «ጓዲት» ብሎ ነበር፤ «ጣቢያው ላይ ብዙ ሰው ቀበርን። እናቶች ልጆቻቸውን እየቀበሩ የክርስቶስን ስም ይጠራሉ። አንቺ እውነት ተወልዷል ብለሽ ታምኛለሽ?»

ሰዓቱን አየሁ፤ ስድስት ደቂቃ ይቀራል። ስብከት አልጠየቀኝም፤ የሚፈልገው «አዎ፣ አምናለሁ» የሚል ሁለት ቃል ነበር። እኔ ግን፦ «እኔ የማምነው በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ነው» አልሁት።

ፊቱ ሲዘጋ አየሁት። ሌላ ቃል የለኝም፤ እንደ መስኮት ተዘጋ። «ልክ ነሽ፣ ጓዲት» አለ በዚያ በስብሰባ ድምፁ። ስላይዱን አጥቤ አየሁት፤ የወባው ተሐዋስያን እንደ ትንንሽ ቀለበት ሞልተው ነበር። በሥራዬ ያየሁትን አላየሁም ብዬ ጽፌ አላውቅምና ውጤቱን በትክክል ጽፌ ሰጠሁት። ክሎሮኪን ተሰጠው፤ በሳምንቱ ድኖ ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የሐሙሱ ነው። በጸሎት ቤታችን ይህንኑ ታሪክ እንደ ምስክርነት አቀረብሁት፤ ጌታ ከካድሬ ወጥመድ አስመለጠኝ አልሁ። አምስቱም በሹክሹክታ ሃሌ ሉያ አሉልኝ። በዚያው ወር «የወንጌልን በር ክፈትልን» ብለን የለመንን ሰዎች ነን። በሩ ተከፍቶ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ምናልባት ሰላይ ነበረ፤ ዛሬም አላውቅም። ሰላይም ቢሆን ግን የእናቱን ነጠላ ከልቡ ፈጥሮ ያወራው አይመስለኝም።

አባቴ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አባባል ይወድድ ነበር። በቀድሞው ዘመን በገና ቀን ሎሌው ጌታውን በገና ዱላ እየተጋፋ፣ በጨዋታና በግጥም ሳይቀር እየነካካ ይውል ነበር። አንደበት በሚፈታበት በዚያ በዓል ዋዜማ ነው እንግዲህ የእኔ የታሰረው።

የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 4 ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላውቅም፤ ያየሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ከሸንጎው ተዝቶባቸው ተመለሱ፤ ወገኖቻቸውም በአንድነት ጸለዩ። ዛቻውን ተመልከት አሉ እንጂ ዛቻውን አንሣልን አላሉም፤ የለመኑት በዛቻው መካከል በግልጥ መናገርን ነው። ጳውሎስም በሰንሰለት ታስሮ ወደ ኤፌሶን ሲጽፍ በድፍረት እንድናገር ጸልዩልኝ ይላል። የማይፈራ ሰው እንዲህ ያለ ልመና የሚልክ አይመስለኝም። ስለዚህ የባንክ ቤቱ ልጄ፣ ፍርሃቱ ለቅቆህ እስኪሄድ ከሆነ የምትጠብቀው፣ ምናልባት እየጠበቅህ ያለኸው እነርሱ ያልለመኑትን ነው። እኔ አሁን ድፍረትን በደፈናው አልለምንም፤ ስም ጠርቼ እለምናለሁ። የምፈራውን ሰው ስም ጭምር፤ እንዲያውም መጀመሪያ እርሱን።

ስለ መልካም ኑሮና ስለ ትጋት አልጽፍላችሁም፤ አስተማሪዎቻችሁ ይበቃሉ። አንድ ሁለት ቅሬታ ግን አለኝ። ድፍረታችሁ በስልክ ካሜራ ፊት ብርቱ ነው። ለገና ለተቸገሩ ዘይትና ዱቄት ስታከፋፍሉ ከምትሰጡት እጅ ይልቅ የሚቀርጸው እጅ ይበዛል፤ ያን ሁሉ ቪዲዮ የለቀቀ ልጅ በማግስቱ ከጎኑ ላለው የሥራ ባልደረባው አንድ ቃል አይተነፍስም። ሌላው ደግሞ፣ ጾመ ነቢያትን ከኅዳር 15 ጀምራ ጾማ በዓሏን ለምትጠብቅ ኦርቶዶክሳዊት ጎረቤት የክርስቶስን ስም ሰምታ እንደማታውቅ አድርጎ መናገር፣ ወይም ከገበታዋ ላይ ተቀምጦ ስለ ጾም መከራከር፣ ድፍረት አይደለም፤ ባለጌነት ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ስጡ ሲል በየዋህነት ይሁን ብሏል። የመንገድ ላይ ድምፅ ማጉያንም አልወድም፤ ጆሮ ያደነቁራል። ይህን ብዬ ግን፣ የገዛ ታናሽ እህቴ ጌታን ያገኘችው ታክሲ ስትጠብቅ በሰማችው በእንዲያ ያለ ድምፅ ማጉያ ነውና እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ይሻለኛል።

በሥራ ሰዓት መስበክንም አላበረታታም። በተለይ ሕመምተኛ ሸሽቶ የማይሄድ ሰው ነው፤ መርፌ ይዞ የቆመ ባለሙያ ሃይማኖቱን ሊጭንበት አይገባም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ያስተማርሁት ይህንኑ ነው፤ አሁንም አምንበታለሁ። ይሁንና ያ ሰው ሕመምተኛ ነበር፤ ሰዓቱም የሥራ ሰዓት ነበር። ጠያቂው እርሱ በመሆኑ ልዩ ነው ብዬ ራሴን አስረዳለሁ፤ እናንተም በዚህ ላይ ተወያዩበት።

የካድሬውን ስም አልረሳሁትም፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። በሕይወት ካለ ዛሬ ሰባ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። በየዓመቱ የገና ዋዜማ ምሽት፣ በግ ሲጮኽና ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ከወጥ ቤት ለጥቂት ጊዜ ወጥቼ ስሙን እየጠራሁ እጸልያለሁ፤ አንድ ሰው «አዎ፣ አምናለሁ» ብሎት እንደ ሆነ እያሰብሁ። የመጽሐፍ ቅዱሴ የመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ስሙ በእርሳስ ተጽፏል፤ ከሥሩ ብዙ ቦታ አለ። አንተ ልጄ፣ የዚያችን ባልደረባህን ስም እስከ ዋዜማው በስልክ ላክልኝ። የአባቷ ስም አያስፈልግም።

እናታችሁ