ማግኔቱ ይመላለሳል፣ መብራቱ እንቢ አለ

አንዲት የአራት ኪሎ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ለሳይንስ ፕሮጀክት ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ቀጭን ሽቦ ፈትቼ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ 1000 ዙር ጠመጠምኩ። መሃል ላይ ሲበጠስብኝ ወንድሜ ገምዶ በናስትሮ ጠቀለለው። ማግኔቱን ቱቦው ውስጥ ባመላልሰውም ኤልኢዲው አይበራም። ወንድሜ ሶኬት ላይ ሰክተን እንሞክረው ይላል።»

መጀመሪያ ወንድምሽን ከሶኬቱ አርቂው። የቀረው ይደርሳል።

«ገምዶ በናስትሮ» የሚለውን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የጥቅል ሽቦ ራቁቱን አይደለም። ቀይ ሆኖ የሚታይሽ መዳቡ ሳይሆን የተቀባው ቫርኒሽ ነው። እሱ ሳይፋቅ ሁለቱን ጫፍ መቶ ጊዜ ብትገምጂው አልተገናኘም። ፒያሳ ሱቄ ከሚመጣው ሥራ ስንቱ እንዲህ ያለ ነው! የሰው እጅ የነካካው ሞተር ሲመጣ ከሽቦው በፊት ናስትሮውን ነው የምፈታው።

ቴስተርሽን ኦም ላይ አድርጊና የጥቅሉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ጫፍ ፍቀሽ ለኪ። ምንም ካላነበበ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ናስትሮውን ፍቺ፣ የተበጠሱትን ጫፎች በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፋቂ፣ ገምደሽ ሶልደር አድርጊ። ኤልኢዲው የሚታሰርባቸውንም ጫፎች አትርሺ። ስትፍቂው ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ርካሽ ስታቢላይዘሮች ውስጥ ሞልቷል። ሶልደርም አይዘውም፣ በትንሹም ይበጠሳል። ጣይውና መዳብ ፈልጊ።

አሁን የምወደው ክፍል። ተማሪዎች ማግኔት በራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ይመስላቸዋል። አያመነጭም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በፈረንጆቹ 1831 የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ ሲያገናኘው ከሌላኛው ጋር የታሰረችው የመለኪያ መርፌ ዘለል ብላ ተመለሰች። ባትሪው እንደተያያዘ ነው፣ መርፌዋ ግን ዝም። ሲነቅለው ደግሞ በተቃራኒው ዘለለች። በጥቅሉ መሃል የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ ሲለወጥ ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የሚወጣው። ማግኔቱን ቱቦው ውስጥ አስቀምጠሽ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቂ ዜሮ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጊ ቮልቱም እጥፍ ይሆናል። ዙሩን እጥፍ ብታደርጊም እንዲሁ።

ደግሞ ኤሌክትሪኩን በነፃ አይሰጥሽም። ፍሪጅ የሚጠግነው ጎረቤቴ ጋ አንዲት የመዳብ ቱቦ አለች። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ግን ትንሽ ጠንካራ ማግኔት ከላይ ስትለቂባት እንደ ማር እየተንቀራፈፈ ነው የሚወርደው። ሲወርድ ቱቦው ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ጅረቱም የራሱን መስክ ሠርቶ ማግኔቱን መልሶ ይይዘዋል። ሌንዝ የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ያለው ይህንኑ ነው። ሰው ሻይ ሊጠጣ መጥቶ እሷን ሲሞክር ያመሻል። የቆቃ ግድብም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ያንቺን እጅ ውሃው ተክቶት።

ወደ ሥራሽ። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፣ ቀዩ ግን በ2 ቮልት ይበራል። ቀዩን ያዢ። ኤልኢዲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያስተላልፍ ሁለት አድርገሽ ጀርባና ፊት እሰሪያቸው። ማግኔቱ ሲገባ አንዱ፣ ሲወጣ ሌላው ይበራል። ማግኔትሽ ደካማ ከሆነ ሌላ 500 ዙር ጨምሪ። ስትጨምሪ ግን በጀመርሽው አቅጣጫ ብቻ ጠምጥሚ፤ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ከዞረ አንዱ የሌላውን ያጠፋል።

ሶኬቱን ደግሜ ልበል። የሽቦው ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 1000 ዙሩ ከ40 እስከ 50 ኦም ቢያሳይ ነው። 220 ቮልት ስትሰኪበት 5 አምፔር አካባቢ ያልፍበታል። ይህ እንደ ጸጉር ለቀጠነ ሽቦ እሳት ነው፤ ራቁቱን ጫፍ የያዘ እጅ ደግሞ አለ። «ለአንድ ሰከንድ ብቻ» ብሎ የሰካ ልጅ አውቃለሁ። መዳፉ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ።

ቴስተሩ ኦሙን ካነበበልሽ በኋላ መጋረጃውን ዝጊና ማግኔቱን ቶሎ ቶሎ አመላልሺው። ብልጭታው አጭር ስለሆነ ቀን ብርሃን ላይ ያመልጥሻል።